ተሳቢ ቤት ይገዛ ወይስ ይሠራ?

«ድንኳኑ የተሰፋ ይገዛ ወይስ ሸራውን ገዝተን እናሰፋው?» የሚለውን ክርክር የማያውቅ የእድር አባል የለም። በአሜሪካም ይኸው ክርክር በሌላ ነገር ላይ ከተነሣ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ይኸውም ከመኪና ኋላ ተጎትቶ ለቤተሰብ ማደሪያ በሚሆነው ተሳቢ ቤት ላይ ነው።

ነገሩን ካስጀመሩት አንዱ በዲትሮይት ከተማ ይኖር የነበረው የባክቴሪያ ተመራማሪ አርተር ሸርማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ገደማ «በጥቂት ደቂቃ ይዘረጋል» የተባለ ባለሸራ ተሳቢ ገዛ። ቤተሰቡን ይዞ ሲወጣ ዝናብ መጣና ሸራው ሳይዘረጋ ሁሉም በሰበሰ! ሸርማንም አናጢ ቀጥሮ ግድግዳው ጠንካራ የሆነ፣ ሣጥን የመሰለ ቤት አሠራ። ልጆቹም በጥንቱ የሰፋሪዎች ጋሪ ስም «ሽፍን ጋሪ» አሉት። በ1930 በዲትሮይት የመኪና ኤግዚቢሽን ላይ አቅርቦ፣ አንዱን በ400 ዶላር ሒሳብ 118 ሸጠ። በ1936 ድርጅቱ በዓመት ወደ 6,000 የሚደርስ ይሠራ ነበር። እንግዲህ የገዛው አልሆን ብሎት ያሠራ ሰው ነው ለሌላው ሻጭ የሆነው።

የዋሊ ባያም ታሪክ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ይህ ሰው በሎስ አንጀለስ መጽሔት ያሳትም ነበር። ተሳቢ ቤት በገዛ እጅ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ፕላን ቢያወጣ አንባቢዎች «ፕላንህ አይሠራም» ብለው አማረሩ። እሱም ራሱ ሠርቶ ሞከረና የተሻለ ፕላን አዘጋጅቶ መሸጥ ጀመረ። ቆይቶም «ከምንለፋ አንተው ሥራልን» የሚሉ በዙና ኤርስትሪም የተባለው ድርጅት ተወለደ። በ1936 ያወጣው በአሉሚኒየም የተለበጠ ቤት አራት ሰው ያስተኛል፣ የራሱ ውኃና መብራት አለው፤ ዋጋው ግን 1,200 ዶላር ነበር። ዘመኑ ሥራ የጠፋበት ዘመን ነውና ይህን ከፍሎ የሚገዛ ስንቱ ነው? ስለዚህ ብዙው ሰው ከአሮጌ መኪና ሻንሲና ጎማ እየፈታ በየጓሮው መሥራቱን ቀጠለ።

ከጦርነቱም በኋላ ይህ አልቀረም። በ1947 ሜካኒክስ ኢለስትሬትድ የተባለው መጽሔት የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው ትንሽ ተሳቢ ፕላን አወጣ። ከውስጥ አልጋ ብቻ ነው፤ ማብሰያው ከኋላ፣ በሚከፈተው ክዳን ሥር ነው። ለባልና ሚስት ደኅና ነው፤ አምስት ልጅ ላለው ግን ምን ይሆናል?

መሥራት ይረክሳል የሚሉ ሰዎች የኮምፔንሳቶውንና የምስማሩን ዋጋ ነው የሚቆጥሩት። ገንዘብ የሚበላው ግን ሻንሲው፣ ባሌስትራው፣ ፍሬኑ፣ ጎማውና መብራቱ ነው። የጣሪያው መጋጠሚያ በደንብ ካልተደፈነም ውኃ እየሰረገ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል፤ ይህም የሚታወቀው ከረፈደ በኋላ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ሚዛኑ ነው። ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆነው በመጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። 500 ኪሎ ከሆነ ከ50 እስከ 75 ኪሎ መሆኑ ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ግን ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መኪናውን ከነቤተሰቡ ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የሚጎተተውን ክፍል፣ ማለት ሻንሲውንና ፍሬኑን፣ ከታወቀ ሠሪ ገዝቶ ከላይ ያለውን ቤት በራስ እጅ መሥራት ይሻላል። ጊዜ የሌለውማ ቢገዛ ነው የሚሻለው፤ በጓሮ ተጀምሮ የቀረ ተሳቢ የዶሮ ቤት ከመሆን አያልፍም።

የገዛም ቢሆን ከመፍቻና ከመዶሻ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1959 ባያም 41 ተሳቢ ቤቶች አስከትሎ ከኬፕታውን እስከ ካይሮ ለመጓዝ ተነሣ። ሁሉም ከፋብሪካ የወጡ ነበሩ፤ ነገር ግን ጥርጊያና ጭቃ መንገድ ላይ ብዙ ስብራት ስለደረሰባቸው ተጓዦቹ እየጠገኑ ነበር የሚሄዱት። በአገራችንም አልፈዋል፤ አዲስ አበባም ሲደርሱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለዋቸዋል። ካይሮ የገቡት በ1960 ነው።