በጽሑፍ ያለ ሲረሳ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። እኔም ይህን ብሂል እየሰማሁ ያደግሁ ነኝና፣ አያቴ ከማረፋቸው በፊት የሚያውቋቸውን ሙሾዎች እየጠየቅሁ በእጅ ስልኬ ላይ ስጽፍ ከመረሳት ያዳንኋቸው መስሎኝ ነበር። ስልኩን የገዛሁት በዋጋው ርካሽነት ነው። መጀመሪያ ባትሪው ከቀትር አላልፍ አለ፤ ቀጥሎ «ሜሞሪ ሞልቷል» እያለ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ማንሣት ከለከለኝ፤ በሁለተኛው ዓመት አንድ ማለዳ እየበራ እየጠፋ ጨርሶ አልከፈት አለ። የጥገና ቤቱ ወጣት «ጋሼ፣ ፎርማት ካልተደረገ አይነሣም፤ ሌላ ቦታ ገልብጠውት ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። አልገለበጥሁም ነበር።

ይህ ቁጭት አንድ ጥያቄ አስነሣብኝ። የአባቶቻችን ጽሑፍ ስለምን ቆየ? በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ጥንታውያን የወንጌል መጻሕፍት፣ የብራናቸው ዕድሜ በካርቦን ሲለካ ከ1300 ዓመታት በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮና ተፍቆ የሚዘጋጅ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጃል። አንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ እንስሳትን ቆዳና የብዙ ወራትን ድካም ይጠይቅ ስለነበር፣ ባለመጽሐፍ መሆን የጥቂቶች ዕድል ነበር።

የስልኬ ብራና ግን ሌላ ነው። ፍላሽ ሜሞሪ የሚባለውን ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ኩባንያ ሳሉ ፈልስፈው እ.ኤ.አ. በ1984 ለባለሙያዎች አስተዋወቁት። በእርሱ ላይ የምንጽፈው ፊደል በረቂቅ ክፍሎች ውስጥ እንደ ታገተ የኤሌክትሪክ ሙል ሆኖ ይቀመጣል። በተጻፈና በተፋቀ ቁጥር ሙሉን አግቶ የያዘው ስስ ግድግዳ ይደክማል። ቦታው ሲጠብ ደግሞ አዲስ ከመጻፉ በፊት የቀድሞውን መፋቅ ስላለበት ስልኩ ይንቀረፈፋል። በርካሽ ስልክ የምናገኘው ይህንኑ ብራና ነው፤ ጠባቡንና ስሱን።

ሆኖም በደሉን ሁሉ በስልኩ ላይ መጣል አልሆነልኝም። ብራናም ይቃጠላል፤ አይጥ ይበላዋል፤ እርጥበት ያበሰብሰዋል። ብዙዎቹን መጻሕፍት ለእኛ ያደረሳቸው፣ አሮጌውን ከፊቱ ዘርግቶ አዲሱን ሲገለብጥ ዕድሜውን የጨረሰው ቁም ጸሐፊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍቶቻችን በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂዎቻቸው በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ሲቀመጡ የተደረገውም ያው የጥንቱ ሥራ ነው። በጽሑፍ ያለ የሚወረሰው የሚገለብጠው ሰው ሲገኝ ነው።

በመጨረሻ ወደ አክስቴ ሄድሁ። ከጠፉት ሙሾዎች ጥቂቶቹን ከአያቴ ሰምተው በቃላቸው ይዘዋቸው ኖሯል። ዓይናቸውን ጨፍነው አወጡልኝ፤ በደብተር ጻፍሁ፤ በዚያው ማታ በሁለተኛ ደብተር ገለበጥሁ። የቀሩትን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ስልኩ ፎርማት ተደርጎ ተነሥቷል። አሁን ሰፊ ባዶ ቦታ እንዳለው ይነግረኛል። ውድ አንባቢ ሆይ፣ በስልክህ ውስጥ ብቻ ያለ የምትወደው ነገር ካለ፣ ሳይመሽ ገልብጠው።