ከለቅሶ በፊት፦ የካንሰር ታማሚን ማጽናናት በሆሳዕና፣ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች

በሀዲያና በከምባታ የታመመ ሰው ቤት ጠያቂ አያጣም። ጎረቤት ከእርሻ ሲመለስ ጎራ ይላል፤ ዘመድ ከሩቅ ቀበሌ ተነሥቶ ይመጣል፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምእመናን ተሰብስበው ይጸልያሉ። ጠያቂው የሚናገረው ጥቂት ነው። «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ ይቀመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ ስለ እንሰቱና ስለ ዝናቡ ይወራል። ዛሬ በሐኪም ቤት ሥነ ልቦናዊ ድጋፍ የሚባለው አገልግሎት በዚህ አካባቢ መነሻው ይኸው ጥየቃ ነው።

ከጥየቃው በስተጀርባ የቆመ ሥርዓትም አለ። በሁለቱም ሕዝቦች ዘንድ ሴራ የሚባለው ባህላዊ ደንብ ችግር የደረሰበትን ሰው ማን እንደሚረዳ፣ ግዴታውን ያጓደለ ምን እንደሚደርስበት ይደነግጋል። ከተሞች ሲያድጉ እድር ተጨመረ። በሀዲያዋ ሆሳዕናም ሆነ በከምባታዋ ዱራሜ ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን ወዲያው ይተከላል፤ አግዳሚው ይደረደራል፤ ሐዘንተኛው ለቀናት ብቻውን አይተውም። ይህ ሥርዓት ትልቁን ጉልበቱን ያከማቸው ግን ከሞት በኋላ ላለው ጊዜ ነው። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚፈጅ፣ ገንዘብ የሚጨርስ፣ ሰውነት የሚለውጥ ሕመም ሲመጣ ማኅበሩ የሚያውቀው ደንብ አነስተኛ ነበር። በአካባቢው የካንሰር ታማሚዎች ድጋፍ ታሪክም ባመዛኙ ይህን ጉልበት ከለቅሶ ወደ ሕመም ዘመን ለማምጣት የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው።

ክፉ ወሬ የሚነገርበትም ወግ አለ። መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ሽማግሌና የቅርብ ዘመድ ተመርጦ፣ ጊዜ ተጠብቆ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። በከባድ ሕመምም ወሬውን መጀመሪያ የሚሰማው ቤተሰቡ ነው፤ ለታማሚው መንገር ተስፋውን መቁረጥ ተደርጎ ይታያል። አንትሮፖሎጂስቷ የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሐኪሙ በቀጥታ ለታማሚው ሲናገር እንዴት እንደሚደነግጡና እንደሚቆጡ አሳይተዋል። ልማዱ የፍቅር ነው፤ ጉዳቱንም መካድ አይቻልም። እናት ልጆቿ እንደሚያውቁ ታውቃለች፤ እነሱም ማወቋን ይጠረጥራሉ፤ ሁሉም ዝም ይላል። አታካና የሚባለው የቡላ ምግብ ቀርቦላት «ቅመሺ እንጂ» እየተባለች፣ አፏ በካንሰር መድኃኒት ቆስሎ መዋጥ ያቃታት ሴት ምግቡን የምትገፋው ጠልታ አይደለም። ቡላው፣ ቅቤውና ወተቱ ለክብሯ የተሠሩ መሆናቸውን ታውቃለች። የሚያስጨንቃት ለምን እንደማትበላ መናገር አለመቻሏ ነው።

ዘመናዊ ሕክምና ወደ አካባቢው የገባው ከወንጌል ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ቡድን በሐኪሙ ቶማስ ላምቢ መሪነት ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወርዶ በሆሳዕና፣ በወላይታና በሲዳማ ጣቢያ ከፈተ። መድኃኒትና ጸሎት በአንድ ግቢ ይሰጡ ነበር። ሚሲዮናውያኑ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን አገሪቱን ለቀው ሲወጡ አብያተ ክርስቲያናቱ በአገሬው ሰው እጅ ቀጠሉ፤ በሽተኛን ሄዶ መጠየቅና መጸለይም የምእመኑ የዘወትር ሥራ ሆነ። ዛሬም በብዙ ቤት የታማሚውን የልብ ጭንቀት መጀመሪያ የሚሰማው ሐኪም ሳይሆን ወንጌላዊው ወይም ቄሱ ነው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ፈውስ የዘገየበት ታማሚ እምነቱ የጎደለ ሲመስለው ግን በሕመሙ ላይ የጥፋተኝነት ስሜት ይጨመርበታል፤ አገልጋዮችም ይህን አውቀው መጠንቀቅ አለባቸው።

እንዲህ ያለውን ጭንቀት በሙያ የሚያየው የአእምሮ ሕክምና ግን ለረጅም ጊዜ የአዲስ አበባ ነገር ነበር። በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1987 የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ሲጀመርና ምሩቃኑ ወደ ክፍለ አገር ሆስፒታሎች ሲላኩ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊቲ ማስተማር የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቡታጅራ ደግሞ በገጠር ሕዝብ የአእምሮ ጤና ላይ በተደረጉ ጥናቶች ስሟ በዓለም ታወቀ። 

ስለ ሕመም በአደባባይ መናገርን አካባቢው የተማረው ግን ከሌላ በሽታ ነው። ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 በዱራሜ የከምባታ ሴቶች ራስ አገዝ ማኅበርን አቋቋሙ፤ ማኅበሩ በይበልጥ የሚታወቀው ኬኤምጂ በሚለው ስሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር በአጎራባች ሃላባ የማኅበረሰብ ውይይት ተጀመረ። ሰዎች በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ተሰብስበው ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ሴት ልጅ ግርዛት፣ ስለ ጠለፋ ይነጋገራሉ። ወንድ ከሴት፣ ሽማግሌ ከወጣት እኩል ይናገራል፤ አወያዩ ይጠይቃል እንጂ አይሰብክም። ስሙ በሹክሹክታ ብቻ ይነሣ የነበረ በሽታ በጉባኤ መካከል ተነገረ። ከምርመራ በፊትና በኋላ ምክር የመስጠት ሙያ፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ከታማሚዎች መካከል የወጣ ሰው ሌላውን ታማሚ ማበረታታቱ በጤና ጣቢያዎች ሥር የሰደዱት በኤች አይ ቪ ምክንያት ነው። ለካንሰር ታማሚ ተመሳሳይ አገልግሎት ለማቋቋም ከዚህ የቀረበ መሠረት የለም።

ካንሰር የራሱ ማዕከል ያገኘው ዘግይቶ ነው። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ክፍል በ1990 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀምሮ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። ከሆሳዕና የሚነሣ ታማሚ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ዘመድ ቤት ወይም ኪራይ ቤት ያርፋል፤ ወረፋው ወራት ሊወስድ ይችላል። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ይወጣል፤ ታማሚውና አስታማሚው። አስታማሚዋ አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ወይም ሴት ልጅ ናት፤ ቋንቋው ለማይቀናቸው እናትና አባት የምታስተረጉመው እሷ ናት፤ የሐኪሙን ቃል ምን ያህሉን እንደምታስተላልፍ የምትወስነውም እሷ ናት። በሰፈሯ ያለው ጥየቃ ጥቁር አንበሳ ደጃፍ ድረስ አይከተላትም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተነሡት መካከል ቀዳሚዎቹ ሐዘን የደረሰባቸው ወላጆች ናቸው። ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2004 ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ከዓመታት በኋላ ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅት ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናትና ከክፍለ አገር ለሚመጡ ቤተሰቦቻቸው ማረፊያና ድጋፍ ማዘጋጀት ጀመረ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ ደግሞ መዳን ለማይችሉ ታማሚዎች የቤት ለቤት እንክብካቤን አስለመደ። ለመተኛ ቦታ፣ ለትራንስፖርትና ለሕመም ማስታገሻ መጨነቅ ሲቀልለት ታማሚው ስለ ፍርሃቱ ለመናገር ፋታ ያገኛል።

በዓለም ደረጃም ሙያው ወጣት ነው። ሲስሊ ሳውንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ሲከፍቱ፣ ሥቃይ የሥጋ ብቻ ሳይሆን የልብም፣ የቤተሰብም፣ የመንፈስም መሆኑን አስተማሩ። ኒው ዮርክ ውስጥ ሐኪሟ ጂሚ ሆላንድ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በአንድ የካንሰር ሆስፒታል የሥነ አእምሮ አገልግሎት መሩ። እዚያው ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው የጭንቀት መለኪያ እጅግ ቀላል ነው፦ ታማሚው በቴርሞሜትር ሥዕል ላይ ከ0 እስከ 10 ካሉት ቁጥሮች የጭንቀቱን መጠን ያመለክታል። ፊደል ላልቆጠረ ሰውም በጣት ማሳየት ይበቃል፤ ስለዚህ ለሀዲያና ለከምባታ ጤና ጣቢያዎች እንግዳ መሣሪያ አይሆንም።

የሚያክሙት ሰዎች ጭንቀት ከሁሉ ዘግይቶ ታየ። የክሊኒክ ሠራተኞችን ስለሚያደክመው የሙያ ዝለት ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ክርስቲና ማስላክ መለኪያውን ከባልደረባቸው ጋር ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። በኢትዮጵያ ሁኔታ የዝለቱ ምክንያት የሥራ ብዛት ብቻ አይደለም። መዳን የሚችል እጢ ይዞ ለመጣ ሰው የወራት ቀጠሮ ጽፋ የምትሰጠው ነርስ፣ ሰውየው በቀጠሮው ቀን ሲመለስ በሽታው መዳን ከማይቻልበት ደረጃ ደርሶ እንደሚሆን ታውቃለች። መድኃኒት ያለቀበት ፋርማሲስት፣ «የለም» ማለት የዕለት ሥራው ይሆናል። ታማሚው ሲሞት ድንኳን የሚተከለው በቤተሰቡ ደጅ ነው፤ ለወራት ያስታመመችው ነርስ የለቅሶው ባለቤት ስላልሆነች ሐዘኗን የምታወርድበት ቦታ የላትም።

ለዚህ የተገኘው አንዱ መልስ የመጣው ከታማሚ ነው። ኬኔት ሽዋርትዝ የተባሉ የቦስተን ጠበቃ በሳንባ ካንሰር ታመው እ.ኤ.አ. በ1995 ከመሞታቸው በፊት፣ ያጽናኗቸውን የጤና ሠራተኞች የሚያግዝ ማዕከል እንዲቋቋም አደረጉ። ማዕከሉ ያስጀመረው ስብሰባ በብዙ ሆስፒታሎች ተለምዷል፦ ሐኪም፣ ነርስና የጽዳት ሠራተኛ በአንድነት ተቀምጠው አንድ ታማሚን እያነሡ ሕክምናው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ትተው ምን እንደተሰማቸው ይናገራሉ። አወያይ አለ፤ ፍርድ የለም፤ የተነገረው ከክፍሉ አይወጣም። በሃላባ ቀበሌዎች የተደረገውን ውይይት ያየ የከምባታ ሰው ይህን አሠራር ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ክፍልና ሰዓት፣ እንዲሁም የሥራ ኃላፊው ያን ሰዓት ከሥራ ሰዓት ቆጥሮ መፍቀዱ ነው።