ምጽዋ፦ ጦር የገነባት፣ ጦር ያፈረሳት ወደብ

የምጽዋን ዕድገት መርምሮ ለሚያይ ከነጋዴው ይልቅ የወታደሩ እጅ ጎልቶ ይታያል። ኦቶማን ቱርኮች በ1557 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ከያዟት ጀምሮ፣ የመጣ ጦር ሁሉ ለራሱ ሲል የሠራው ለከተማዋ ተርፏል።

ግብፆች በ1865 ሲረከቧት ምጽዋ በባሕር የተከበበች፣ የሚጠጣ ውሃ ከየብስ የሚመጣላት ደሴት ነበረች። በ1871 ገዥ የሆነው ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ባሕሩን በድንጋይ አስደልድሎ ደሴቲቱን ከጧለት ደሴት፣ ጧለትንም ከየብስ አገናኘ፤ ውሃም ከእምኩሉ በቦይ አስመጣ። ወደ ደጋው የወጣው የግብፅ ጦር በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራ ላይ ድል ሆነ። መንገዱና ውሃው ግን ለምጽዋ ቀሩ።

በ1885 ጣሊያኖች ገቡ። በጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮችን ደመሰሱ። ሮም 20,000 ገደማ ጦር ላከች፤ ለዚያ ሁሉ ሰው ውሃ፣ ስንቅና ጥይት በግመልና በበቅሎ ብቻ ማድረስ የማይቻል ሆነ። ስለዚህ ከምጽዋ እስከ ሰሐጢ ምሽግ 27 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በጥድፊያ ተዘረጋ። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1888 ሰሐጢ ሲደርሱ ከምሽግ የማይወጣ ጠላት ገጠማቸው፤ ሳይዋጉም ተመለሱ። ለምሽጉ ስንቅ ያመላልስ የነበረው ሐዲድ ተራራውን ወጥቶ በ1911 አስመራ ገባ፤ ወደቡም ከደጋው ገበያ ጋር ተሳሰረ።

በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ወደቡ ሰፋ፤ ተከታትሎም እስከ አስመራ 72 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የገመድ ማመላለሻ ተዘረጋ። በ1941 እንግሊዞች ሲቃረቡ ግን ጣሊያኖች መርከቦቻቸውን እዚያው ወደቡ ውስጥ አሰጠሙ። ኋላም ምጽዋ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ባሕር ኃይል ሰፈር ሆነች።

ለጦር የተመቸች ከተማ ለጦርነትም የተጋለጠች ናት። በየካቲት 1990 ሻዕቢያ በፈንቅል ዘመቻ ሲይዛት፣ ከዚያም የደርግ አውሮፕላኖች ሲደበድቧት፣ በኮራል ድንጋይ የታነጹት ቤቶቿ ፈራረሱ። የጧለት ቤተ መንግሥት ጉልላት ሳይቀር ተቦደሰ። ዕዳውን የከፈለው ነዋሪው ነው፤ ጀልባ ቀዛፊው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ባለሱቁ። ወታደር ለዘመቻ የዘረጋውን መንገድና ሐዲድ ለንግድና ለኑሮ ብቻ የምታውልበት ረጅም የሰላም ዘመን ለምጽዋ ይገባታል።