የሌሊት ወፍ ትቃኛለች

ስለ እንስሳት ብልሃት በሚጻፉ ጽሑፎች «የድምፅ ነጸብራቅ አካባቢ ልየታ» የሚል ሐረግ እየተለመደ መጥቷል። ኢኮሎኬሽንን መተርጎሙ ነው፤ የሌሊት ወፍ ድምፅ አሰምታ፣ ተመልሶ የሚመጣውን እያዳመጠች በድቅድቅ ጨለማ መንገዷን የምታገኝበትን ችሎታ። አራት ቃል ተደርድሮ አንድ ግሥ እንኳ አልወጣውም። ደግሞስ ነጸብራቅ የብርሃን ነው፤ ድምፅ መቼ አንጸባርቆ ያውቃል?

ገደል መትቶ የሚመለስ ድምፅ እረኛ ሳይቀር የሚያውቀው ስም አለው፦ ገደል ማሚቶ። እርግጥ ዛሬ ዛሬ የሰው አፍ እየደገመ የሚኖረውን መስደቢያም ሆኗል። ቢሆንስ? አሜሪካዊው ዶናልድ ግሪፊን በ1944 እ.ኤ.አ. «ኢኮሎኬሽን» የሚለውን ስያሜ ሲያወጣ የተጠቀመበት «ኤኮ» በግሪኮች ተረት የሌላውን ንግግር ከመድገም በቀር አፏ የተያዘባት ልጅ ስም ነው። እሷ ለሳይንስ ከበቃች ማሚቶ ምን ያንሳታል?

አከራካሪው ተከታዩ ቃል ነው። «ልየታ» የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይመስላል። «በጆሮ ማየት» ለጆሮ ይጥማል፤ ለስያሜ ግን ልል ነው። እኔ የምመርጠው «ማሚቶ ቅኝት»ን ነው። ክራር መቺ ክሩን ይቃኛል፤ ከጦሩ ቀድሞ የሚላክም አገሩን ይቃኛል። የሌሊት ወፍ ሁለቱንም ትሠራለች። የእሳት ራት ስታድን በመጀመሪያ ፋታ እየሰጠች ትጮኻለች፤ እየቀረበች ስትሄድ ጩኸቷን ታሳጥረዋለች፣ ታጣድፈዋለች፤ በመጨረሻው ቅጽበት በሴኮንድ ከ150 ጊዜ በላይ የሚጮኹ አሉ። ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ ከ20,000 ኸርዝ ስለሚያልፍ የእኛ ጆሮ አይደርስበትም። ድምፅዋን እንደ ርቀቱ ማስተካከሏ አንዱ ቅኝት፣ አየሩን መሰለሏ ሌላው ቅኝት ነው።

ቃሉ ደግሞ ይወልዳል። «ኢኮሎኬሽን ታደርጋለች» ብሎ በ«አደረገ» ምርኩዝ ከመቆም «ትቃኛለች» ማለት ይበቃል። ወፏ ቃኚ፣ ራቷ ተቃኚ ትሆናለች። ጩኸቱን ሰምተው ክንፋቸውን አጥፈው ወደ መሬት የሚወረወሩ የእሳት ራቶች አሉና፣ «መቃኘቷን አወቀች» ብንል ማንም አይደናገርም።

የባዕድ ቃል ጠላት አይደለሁም። ራዳርና ሶናር የመሣሪያ ስም ናቸው፤ እንደመጡ ይግቡ። ለሥራው ግን ግሡ ከእኛው ቤት አለ።