ከኬላ ወደ ሚዛን፦ የራያ መንገድ ሸክም

በአገራችን መንገደኛና ነጋዴን የሚያስቆም ነገር ለዘመናት አንድ ስም ነበረው፤ ኬላ። ዛሬም የጭነት መኪና ሾፌር ከፊቱ ሚዛን ጣቢያ ሲያይ ፊቱ የሚጠቁረው ከዚህ ከቆየ ትዝታ የተነሣ ይመስለናል። ሚዛን ግን ኬላ አይደለም፤ ቢያንስ መሆን አልነበረበትም። የሁለቱ ልዩነት የት ላይ ነው? መልሱን ለማግኘት ከወልድያ ተነሥቶ፣ አላውሃን ተሻግሮ፣ ቆቦንና አላማጣን አልፎ ኮረም የሚወጣውን መንገድ ታሪክ እንከተል።

ግመልና አሞሌ

ጎማ ከመምጣቱ በፊት የራያን ቆላ የሚያቋርጠው ግመል፣ አህያና በቅሎ ነበር። ከአፋር ምድር የሚወጣው አሞሌ ጨው ወደ ደጋው ሲጓዝ በየመተላለፊያው ኬላ ይጠብቀዋል። ኬላ ጠባቂው ጭነቱን የሚቆጥረው ድርሻውን ለመውሰድ ነው። መንገዱ ምን ደረሰበት ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የሚያስጠይቅም ነገር አልነበረም። የግመል ኮቴ መንገድ አያፈርስም። ደግሞም ግመል ራሷ ሚዛን ናት፤ ከአቅሟ በላይ ሲጭኗት አልነሣም ትላለች።

መኪና እንዲህ ያለ አመል የለውም። የጫኑትን ሁሉ ይዞ ይነሣል፤ ዕዳውን የሚከፍለው መንገዱ ነው።

ጎማ ሲመጣ

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በኋላ የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 7 ደሴ ገባ። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የተነሣው ሠራዊት 1 ሺህ 700 ያህል ተሽከርካሪዎች ነበሩት። በጭቃና በዳገት የተሰቃየው ያ ጦር አገሩን ያለ መንገድ ይዞ መቆየት እንደማይቻል ገብቶታል። ከአሥመራ በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰው አውራ ጎዳና በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተሠራው ለዚህ ነው። ከአላማጣ ተነሥቶ በግራካሱ ጠመዝማዛ ወደ ኮረም የሚወጣው መንገድ ከቆላው 1 ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ቆላው ላይ ቀላል የመሰለ ጭነት እውነተኛ ክብደቱ የሚታወቀው እዚያ ዳገት ላይ ነው።

ጣሊያን ሄደ፤ መንገዱ ቀረ። የሚጠግነው ግን አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው ይህን ክፍተት ለመሙላት ሲሆን፣ የዓለም ባንክ በዚያው ዓመት ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው ብድሮች የመጀመሪያው ይኸው ነው።

ከዚያ የኤንትሬ ዘመን መጣ። ፊያቱ ተሳቢውን እየጎተተ ሰሜንን ከደቡብ ያገናኝ ጀመር። ጥቂት ኩንታል ለመጨመር ባሌስትራ መደረብ እንደ ሙያ ተቆጠረ። አንድ ኩንታል ሲጨመር የሚጨመረው ገንዘብ ወዲያው ይታያል፤ የመንገዱ ጉዳት ግን የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው።

የአክስል ሒሳብ

ጉዳቱ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካኖች ኢሊኖይ ውስጥ የሙከራ መንገድ ሠርተው፣ የጭነት መኪናዎችን ሌት ተቀን እየነዱ አጠኑት። የተገኘው ውጤት አስደንጋጭ ነበር። የአክስሉ ክብደት በጥቂቱ ሲጨምር የመንገዱ ጉዳት በብዙ እጥፍ ያድጋል። አሥር ቶን ሊሸከም በተፈቀደለት አክስል ላይ 12 ቶን ቢጫን፣ ትርፉ 20 በመቶ ነው፤ ጉዳቱ ግን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። 15 ቶን ቢጫን አምስት እጥፍ ይሆናል።

በአገራችን ለረጅም ዘመን የተሠራበት ወሰን ለፊት አክስል 8 ቶን፣ ለሌላው ነጠላ አክስል 10 ቶን ነው። እንደ ሞጆ፣ አዋሽና ኮምቦልቻ ባሉ ጣቢያዎች መኪናው አክስል በአክስል የሚመዘነው ለዚህ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ ልክ ሆኖ እንኳ ጭነቱ ወደ ኋላ ከተቆለለ አያልፍም። ሊከፋፈል የማይችል ግዙፍ ዕቃ የያዘ መኪና አስቀድሞ ልዩ ፈቃድ ማውጣት አለበት።

የኬላና የሚዛን ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚታየው ቅጣቱ በሚገባበት ቋት ላይ ነው። በ1989 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ፈንድ አዋጅ ከመጠን በላይ በመጫን የሚከፈለውን ቅጣት ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰበው ክፍያ ጋር ለመንገድ ጥገና አድርጎታል። የኬላ ገንዘብ የሚገባው ኬላውን ለያዘው ነበር፤ የሚዛን ገንዘብ የሚመለሰው ለመንገዱ ነው።

ራብ ሲመጣስ?

ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ መናገር ቀላል ነው። በ1965 እና 66 ወሎ ሲራብ፣ በ1977ም ኮረም ላይ የራብተኛው መጠለያ ዓለምን ሲያስለቅስ፣ የእርዳታ እህል የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነበር። በዚያ ቀን አክስልህ ከብዷልና 20 ኩንታል አራግፍ የሚል ማን ነው? እኛም አንልም። ነገር ግን ዛሬ የተጎዳው ድልድይ ነገ የሚመጣውን እህል ያስቀራል። መንገዱን በደህናው ቀን መጠበቅ የሚያስፈልገው ለክፉው ቀን ነው።

ክፉው ቀን ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 በነበረው ጦርነት ቆቦ በተደጋጋሚ የውጊያ ሜዳ ሆነች፤ መስመሩም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ከመንገዱ ሸክም ይቀንሳል ተብሎ በ2007 የተጀመረው የሐራ ገበያ – መቀሌ የባቡር ሐዲድ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል። ስለዚህ የቆቦ ገበሬ በመስኖ ያለማው ሽንኩርት አሁንም ተስፋው አይሱዙና አስፋልት ነው። ሽንኩርት ደግሞ የተበላሸ መንገድ እስኪጠገን አይጠብቅም።

በቅርብ ዓመታት የሾፌሮች ትልቁ እሮሮ በየቦታው ገመድ እየተዘረጋ ገንዘብ የሚጠየቅበት ሕገወጥ ኬላ ነው። አሥር ቦታ ያለ ደረሰኝ የከፈለ ሾፌር አሥራ አንደኛው ላይ ሚዛን ሲያይ፣ ያም ሌላ ኬላ ቢመስለው አንፈርድበትም። ኪሳራውን ለማካካስ ተጨማሪ ኩንታል ቢጭንም አይገርመንም። ስለዚህ ከባድ ጭነትን እንከልክል የሚል መንግሥት አስቀድሞ ገመዶቹን ያንሣ። ሚዛኑም ቁጥሩን ለሾፌሩ ያሳይ፣ ደረሰኝ ይስጥ፣ ገንዘቡ የትኛውን መንገድ እንደጠገነ ይናገር። ያኔ ሾፌሩ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ የሚመዘነው መንገዱን ለማትረፍ እንደሆነ ያምናል።