የዶርዜ ቤት፣ የጨንቻ መቀመጫነትና ያረጀው ላፕቶፕ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው ዶርዜ ሲደርስ የሚያገኘው ቤት ከሩቅ የዝሆን ፊት ይመስላል። ከቀርከሃ የተሸመነ ነው። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ዕድሜ ሲጨምር ግን ምስጥና እርጥበት ከሥር ይበሉታል። ባለቤቱ ይህን አይቶ ቤቱን አያፈርስም፤ የተበላውን ክፍል ከሥር ቆርጦ ይጥላል። ቤቱ ያጥራል እንጂ አይወድቅም። ቦታው ካልተመቸ ደግሞ ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱ እንዳለ ይነሣና ሌላ ቦታ ላይ ይተከላል። በዚህ መንገድ አንድ ቤት ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል።

ዛሬ በአርባ ምንጭ አንድ መምህር፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ ወይም የወረዳ ኮሙኒኬሽን ባለሙያ ከዚያው ዓይነት ውሳኔ ፊት ቆሟል። ላፕቶፑ ለመከፈት አሥር ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ባትሪው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ጥያቄው የከበደበት ቀን ይታወቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ በዶላር ተገዝቶ የሚገባ ዕቃ ነው፤ የመምህሩ ደመወዝ የሚከፈለው ግን በብር ነው። ከዚያ ቀን በፊት በስሜት ሊደረግ ይችል የነበረው ግዢ አሁን የወራት ደመወዝ የሚበላ ውሳኔ ሆኗል።

ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የዶርዜው ሰው የሚጠይቀው ነው፦ የተበላው የትኛው ክፍል ነው?

ብዙ ጊዜ «ሞተ» የሚባለው ላፕቶፕ የደከመው ሃርድ ዲስኩ ብቻ ነው። የድሮው ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ስላለው ሲያረጅ ማሽኑን በሙሉ ያንቀራፍፋል። በኤስኤስዲ ከተተካ በደቂቃዎች ይከፈት የነበረው በሰከንዶች ይከፈታል። ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ 8 ማድረግ ሁለተኛው መድኃኒት ነው። እንደ አርባ ምንጭ ባለ ሞቃት ቆላ ደግሞ በአቧራ የታፈነ ፋን ጤነኛውን ማሽን በሽተኛ ያስመስለዋል፤ ማጽዳቱ ብቻ የሚያድነው አለ። ማዘርቦርዱ ከተቃጠለ፣ ወይም ስክሪኑ፣ ማጠፊያውና ባትሪው አንድ ላይ ከሄዱ ግን ቤቱ ሰው ጎንበስ ብሎም የማይገባበት ደረጃ ደርሷል። ጥገናው የአንድ ደህና ያገለገለ ላፕቶፕን ዋጋ ግማሽ ካለፈ ገንዘቡን እዚያ ላይ ማፍሰስ ኪሳራ ነው።

ሆኖም ምንም ሳይበላሽ የሚቀየር ነገርም አለ። ለዚህ ምስክሯ ጨንቻ ናት።

ጨንቻ የቀድሞው ጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ነበረች። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ብርድና ጭጋግ የማይለያት የደጋ ከተማ ናት። በ1950ዎቹ መቀመጫው ወደ ቆላው፣ አባያና ጫሞን ቁልቁል ወደምታየው አርባ ምንጭ ወረደ። ጨንቻ ፈርሳ አልነበረም። አስተዳደሩ ግን ሜዳውን መረጠ፣ ሌላው ሁሉ ተከተለው። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተከፈተው አርባ ምንጭ ላይ ነው፤ እሱው በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

በላፕቶፕ ዓለም ይህን የመሰለ ዝውውር የተደረገው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ማይክሮሶፍት በዚያ ቀን ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ለግል ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያ ቢፈቅድም አቅጣጫው ታውቋል። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል በአብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ጤነኛ የሆነ የ6ኛ ጀነሬሽን ማሽን እንግዲህ እንደ ጨንቻ ነው፤ ሳይፈርስ መቀመጫው ለቆት ሄደ። በኡቡንቱ ለዓመታት ሊሠራ ይችላል። የባንክና የመሥሪያ ቤት ሥራ የሚሠራበት ሰው ግን ማሻሻያ በማያገኝ ሲስተም ላይ መቆየት የለበትም።

ከመቀየር በፊት የሚረሳ አንድ ዕዳ አለ፤ ፊደሉ። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ታይፕ ለመሥራት ሲደክሙ ችግሩ ከ200 በላይ ፊደላትን በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስቀመጥ ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ችግሩ ተመለሰ፤ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ መንገድ አስቀመጠ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ይዞ የመጣው በ2007 ከወጣው ቪስታ ጀምሮ ነው። በመካከሉ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ቃለ ጉባኤ፣ ጥናትና ደብዳቤ ዛሬም በየላፕቶፑ አለ። አዲስ ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። አሮጌው ሳይሸጥ ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ ቢያንስ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህን ያልሠራ ሰው ከላፕቶፑ ጋር የራሱን ማኅደር ይሸጣል።

መቀየር የግድ ከሆነ፣ የቱ?

ማስታወቂያ ላይ «ኮር አይ5» ብቻ ብሎ መጻፍ ምንም አይናገርም። የ2012 አይ5 አለ፣ የ2018 አይ5 አለ። መታየት ያለበት ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው፤ በ8 ወይም ከዚያ በላይ የሚጀምረውን መያዝ ይሻላል። ሴሌሮን ፕሮሰሰርና 4 ጊጋ ራም ካለው ርካሽ አዲስ ላፕቶፕ ይልቅ ለድርጅት ተብለው የተሠሩት ያገለገሉ ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድና ኤሊትቡክ ይመረጣሉ። አካላቸው ጠንካራ ነው፣ መለዋወጫቸው ይገኛል፣ አብዛኞቹም ተከፍተው ዲስካቸውና ራማቸው ይቀየራል። ሻጩ ፊት ቻርጀሩ ተነቅሎ ባትሪው ግማሽ ሰዓት ይታይ። ማጠፊያው ይፈተሽ። የባዮስ ይለፍ ቃል የተቆለፈበት ማሽን በነጻ ቢሰጥም ይቅር።

ራሙና ዲስኩ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ቀጭን ላፕቶፕ ያምራል። ግን ከሥሩ የማይቆረጥ ቤት ነው፤ አንድ ቦታ ሲበላ ሁሉም ይሄዳል። የዶርዜ ሰው ቤቱን ሲሠራ በኋላ እንደሚያጥር ያውቃል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው አስረዝሞ ይሠራዋል። ላፕቶፕ የሚገዛም ሰው ለዛሬው ሥራ ብቻ የሚበቃ ሳይሆን ነገ ሊጨመርበት የሚችል ይግዛ።

አሮጌውም አይጣል። ጨንቻ መቀመጫነቷ ከሄደ በኋላም ከተማ ናት፤ ገበያዋ ይቆማል፣ ሸማኔው ይሸምናል። ዲስኩ የተቀየረለት አሮጌ ላፕቶፕም ለታናሽ ወንድም የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ሊሆነው ይችላል።