«አለሁ» ስንል የት?

ይኸውላችሁ፣ እስቲ ጠጋ በሉ። ታሪኩ የጋና ነው፤ ኩማሲ የተወለደው የፈላስፋው የክዋሲ ዊሬዱ።

እ.ኤ.አ. በ1957 ጋና ነጻ ስትወጣ የእንግሊዝ ባንዲራ ወረደ፣ ባለ ጥቁር ኮከቡ ተሰቀለ። ሌጎን ያለው ዩኒቨርሲቲ ግን ገና የለንደን ዩኒቨርሲቲን ዲግሪ ይሰጥ ነበር። ዊሬዱም በ1958 ከዚያው ተመርቆ ኦክስፎርድ ዘለቀ። በ1961 ተመልሶ ሌጎን ላይ 23 ዓመት ፍልስፍና አስተማረ።

ታዲያ የፈረንጅ ነውና ጣሉት አላለም። የአባቶቻችን ነውና አትንኩት አላለም፤ እንዲያውም በ1980 ባሳተመው መጽሐፉ ጊዜ ያለፈበትን ልማድና የሽማግሌን ቃል ያለጥያቄ መቀበልን ነቅፏል። ምክሩ ሌላ ነበር፤ የተማራችሁትን ሐሳብ በእናታችሁ ቋንቋ አስቡትና ይቆም እንደሆነ እዩ።

የዴካርትን ነገር አንሱ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ከማሰቡ ተነስቶ መኖሩን አረጋገጠ፤ የሚያስበው ማንነቱም ቦታ የማያሻው ነው አለ። በዊሬዱ የእናት ቋንቋ፣ በአካን ግን «መኖር» የሚባለው «ዎ ሆ» ነው፤ እዚያ፣ አንድ ቦታ መገኘት። እንግዲህ አካኑ «አለሁ» ሲል ቦታ አብሮ ይመጣል። ቦታ የማያሻው ነገር «እዚያ አለ» ይባላል ወይ? ዊሬዱ የጠየቀው ይህንን ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ የተማረ ልጅ ጥያቄው መኖሩንም አያውቅም።

እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ አማርኛችንን እፈትነዋለሁ። በር አንኳኩተን «አባባ አሉ?» ስንል ቤት መገኘታቸውን ነው የምንጠይቀው። «እግዚአብሔር አለ» ስንል ግን የት ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንዱ ቃል ሁለት በር አለው። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ ለዴካርት የሚሰጠው መልስ ከአካኑ ይለያል ማለት ነው፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ሀብት ነው።

አገራችን እንደ ጋና ቅኝ አልተገዛችም። ፍልስፍናን ግን ዩኒቨርሲቲዎቻችን በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ። መምህር ሆይ፣ ነገ ክፍል ስትገባ አንድ የፍልስፍና ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፍ፤ ከዚያ ልጆቹን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ እንዴት እንደሚሉት ጠይቃቸው፤ ሲከራከሩም አታቋርጣቸው።